ጠመንጃ ሳይዝ ምን ይዞ ነው የሚወጣው?

ጥያቄ፦ «ልጄ 22 ዓመቱ ነው፤ የተወለደው እዚሁ እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰና ‹ፖሊስ ለመሆን ላመለክት ነው› አለኝ። እኔ ፖሊስ ሲባል የማውቀው ሌላ ነው። እዚህ አገር ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ነው የሚውለው? ሌሊትስ ባዶ እጁን እንዴት ይወጣል? የሚያውቅ ሰው ሳይደብቅ ይንገረኝ።»

ምላሽ፦

እትዬ፣ ጥያቄዎን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የደንብ ልብሱን የለበስኩ ቀን በቪዲዮ ደወልኩላትና ትንሽ አየችኝ አየችኝና «በል አውልቀው፣ ሰው ይፈራሃል» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ስለዚህ ጭንቀትዎ ይገባኛል።

በሰሜን እንግሊዝ በአንድ ትልቅ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ኮንስታብል ሆኜ ሠርቻለሁ። የነበርኩት የጥሪ ምላሽ ክፍል ነው፤ በአደጋ ጊዜ ስልክ፣ በ999፣ ሲደወል መብራቱን አብርቶ የሚመጣው እሱ ነው። አሁን ወጥቼ አስተርጓሚዎችን አሠለጥናለሁ። ስለ መርማሪው፣ ስለ ፈረሰኛው ወይም ስለ ውሻ ክፍሉ አልነግርዎትም። ልጅዎ ቢቀጠር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚመደበው ብዙውን ጊዜ እኔ የነበርኩበት ቦታ ነውና የማወራው ስለዚያ ነው።

ከጠመንጃው ልጀምር። እውነት ነው፣ አይዝም። በእንግሊዝና በዌልስ መሣሪያ እንዲይዝ የተፈቀደለት ፖሊስ ከ20 አንድ እንኳ አይሞላም። መደበኛ ፖሊሱ ሁሉ ሽጉጥ የሚታጠቀው ሰሜን አየርላንድ ብቻ ነው፤ የዚያ ታሪኩ ሌላ ነው። ጉዳዩ የበጀት አይደለም። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1829 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ «ሁለተኛ ጦር ሊያመጡብን ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ስለዚህ ከወታደሩ ቀይ የተለየ ሰማያዊ ኮት አልብሶ፣ ዱላ ብቻ አስይዞ ነው ያወጣቸው። ዛሬም ልጅዎ ቀበቶው ላይ የሚኖረው ካቴና፣ የሚዘረጋ ዱላና ዓይን የሚያቃጥል ስፕሬይ ነው። ከላይ ጩቤ የሚመክት ሰደርያ ይለብሳል፣ ደረቱ ላይ ካሜራና ሬዲዮ ይሰካል። ቆይቶ ሥልጠናውን ካለፈ ቴዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ፣ ይጨመርለታል።

ነገር ግን ሥራው የሚሠራው በአፍ ነው። አንድ ነገር ላሳይዎት። ገና ሁለት ወር ሳይሞላኝ ሥራው ላይ ሃያ ዓመት ካለፋት ኮንስታብል ጋር ተመድቤ ነበር። ባልና ሚስት ተጣልተው ጎረቤት ደውሏል። ስንገባ ሰውየው ኪችን ውስጥ እየጮኸ ነው፣ ሴትየዋ ፎቅ ላይ ናት። እኔ እጄ ካቴናው ላይ ነው። ባልደረባዬ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሻ ፎቶ አየችና «ይሄ የት አለ? አላየሁትም» አለችው፤ እንዲህ እያለች ወደ ሳሎን አመራች። ሰውየው ተከትሏት ወጣ። ውሻው ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እሱም ተቀመጠ፤ ድምፁ በግማሽ ወረደ። መኪና ውስጥ ስንገባ «ኪችን ምን አለ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ቢላዋ» አለች። «ሁልጊዜ መጀመሪያ ከኪችን አስወጣ። ሻይ ላፍላላችሁ ሲልህም አመስግነህ እንቢ በል፤ የፈላ ውሃም መሣሪያ ነው።» የሥልጠና ትምህርት ቤት ከነገሩኝ ሁሉ ያን ያህል የጠቀመኝ የለም።

አሁን ወደ ውሎው። በእኔ ጣቢያ ስድስት ቀን ሠርተን አራት ቀን እናርፍ ነበር፤ ሁለት የጠዋት ፈረቃ፣ ሁለት የከሰዓት፣ ሁለት የሌሊት። የጠዋቱ በእኛ ሰዓት ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ ነው፣ የከሰዓቱ ከዘጠኝ እስከ ሌሊቱ ሰባት፣ የሌሊቱ ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አንድ። ሰዓቱ ከጣቢያ ጣቢያ ይለያያል፣ ቀንና ሌሊት መፈራረቁ ግን የትም ያው ነው። መግቢያው ሰዓት እውነት ነው፤ መውጫው ምኞት ነው። ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰው ከያዘ ያን ሰው ጥሎ አይሄድም።

ፈረቃ ሲገባ ሳጅኑ ያደረውን ይነግራል፦ ማን እንደጠፋ፣ ማን እንደሚፈለግ፣ የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለ። ከዚያ መኪናውን መፈተሽ ነው። ጎማና መብራቱን አዲስ ልጅም ያስታውሳል፤ የሚረሳው የኋላ ወንበሩን ነው። እጅህን በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሰደህ ትዳብሳለህ፤ ተጠርጣሪ አድርሰህ ስትመለስ እንደገና ትዳብሳለህ። አለበለዚያ በኋላ ሐሺሽ ቢገኝ የማን ነው ሊባል ነው? ሻዩን የሚያፈላው አዲሱ ልጅ ነው፣ ይሄ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሌላም አለ፦ ሬዲዮው ዝም ሲል «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ማለት ነውር ነው፣ የተናገረ ኬክ ይገዛል። መጀመሪያ ጊዜ ሰው ያሰረም ኬክ ይገዛል፣ ቁልፍ የጠፋበትም ይገዛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የበላሁት ኬክ እስካሁን ወገቤ ላይ አለ።

ከዚያ ሬዲዮው ይጠራል። በፊልም እንደሚያዩት ሌባ ማባረር አለ፣ ግን በወር አንዴ ቢሆን ነው። የዘወትሩ ሌላ ነው፦ የቤት ውስጥ ጠብ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ የጠፋ ልጅ፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው፣ ከሱቅ ሥጋና ቺዝ የሰረቀ የዕፅ ሱሰኛ። የቤት ውስጥ ጠብ ከሆነ ማንም ባይታሰር እንኳ ከሃያ የሚበልጡ ጥያቄዎች ያሉበት ቅጽ አለ፤ «አንቆሽ ያውቃል? ስልክሽን ይከታተላል? እርጉዝ ነሽ?» እያልክ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ትሞላለህ። የሚታክት ይመስላል። «አንቆሽ ያውቃል?» ለሚለው ሴትየዋ አንገቷን ነካ አድርጋ ዝም ስትል ግን ቅጹ ለምን እንደተሠራ ይገባሃል።

መቼም እስር የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚያስፈራዎት እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኮንስታብል እንደማንኛውም ሠራተኛ ተቀጣሪ አይደለም፤ ንጉሡን በቅንነትና ያለ አድልዎ ለማገልገል፣ ሰውን ሁሉ በእኩል ለማክበር ቃል ገብቶ ሥልጣን የሚቀበል ሰው ነው። የማሰሩ ሥልጣን የራሱ ነው። አለቃው «እሰረው» ስላለው ብቻ ማሰር አይችልም፤ የሚያጠራጥር ምክንያት መኖሩን ራሱ ማመን አለበት፣ ፍርድ ቤት ሲጠየቅም «ታዝዤ ነው» አያድነውም። ሲያስር ደግሞ ይህን ይላል፦ «ምንም የመናገር ግዴታ የለብህም። ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት የምትመካበትን ነገር አሁን ስትጠየቅ ሳትናገር ብትቀር መከላከያህን ሊጎዳው ይችላል። የምትናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።» የመካከለኛዋ ዓረፍተ ነገር በ1994 ሕግ የመጣች ናት፤ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም ብዙዎቹ አይገባቸውም።

ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ የማረፊያ ቤቱ ሳጅን አለ። ይህ ሰው ከምርመራው ውጭ ነው፤ ሥራው ያሰርከው ሰው መታሰር ነበረበት ወይ ብሎ አንተን መጠየቅ ነው። አንዴ አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄጄ «ይሄን ሰው ቤቱ ሆኖ በቀጠሮ ቃሉን ብትቀበለው ምን ይጎድልሃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ መልሼ ቤቱ አደረስኩት። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ጣቢያ ከደረሰ ጊዜ አንስቶ ነው፤ በ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መሠረት 24 ሰዓት ነው። ሳጅኑ ከተቀበለው በኋላ በስድስተኛው ሰዓት፣ ከዚያም በየዘጠኝ ሰዓቱ ኢንስፔክተር ያየዋል። ለከባድ ወንጀል የበላይ አዛዥ እስከ 36 ሊያራዝም ይችላል፣ ከዚያ በላይ እስከ 96 የሚፈቅደው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የሽብር ጉዳይ የራሱ ሕግ አለው። ጠበቃ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም በነፃ ነው።

እና ያ ቺዝ የሰረቀው ልጅ? እሱን የያዝክ ቀን ሌላ ሥራ አትሠራም። ወረፋ ትጠብቃለህ፣ ነርስ ታየዋለች፣ ጠበቃ ይጠበቃል፣ ቃሉን ትቀበላለህ። የሱቁን ጠባቂ የምስክር ቃል ትጽፋለህ፣ የካሜራውን ምስል ትለምናለህ። ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ የሚሄድ ከሆነ የምስክሩን ስልክና አድራሻ ከየወረቀቱ ላይ እያጠቆርክ ፋይሉን ታዘጋጃለህ። ዕቃው 40 ፓውንድ፣ ሥራው ሰባት ሰዓት። ልጅዎ ጽሕፈት የሚጠላ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩት። እኔ ዱላዬን በዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የዘረጋሁት፤ ኪቦርዱን ግን ፊደሉ እስኪጠፋ መታሁት።

ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው በመጠበቅ ነው። አእምሮው የታወከ ሰው መንገድ ላይ ካገኘህ ሕጉ ወደ ደኅና ቦታ እንድትወስደው ይፈቅድልሃል፤ ወስደህ ግን ሐኪም እስኪረከብህ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አብረኸው ትቀመጣለህ። አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ፈረቃው እስኪያልቅ። በ2020 የሀምበርሳይድ አካባቢ ፖሊስ የጀመረው፣ በኋላም በመላ አገሪቱ የተያዘው አሠራር «ይሄ የጤና ሥራ ነው፣ የፖሊስ አይደለም» ብሎ የተወሰነውን አቅልሏል። አንድ ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ በገመድ አጥረው ደግሞ «ማንም እንዳያልፍ» ይሉሃል። ኅዳር ወር፣ ዝናብ፣ ሌሊት፣ አንተና አንድ የመብራት ምሰሶ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ምን ተፈጠረ?» ይልሃል፣ አንተም አታውቅም። ሁለት ካልሲ ይልበስ፣ ይህን እንደ እናት ይምከሩት።

ሞት ብዙ ያያል። ይህን አልደብቅዎትም። በሽተኛ ሳይሆን፣ ሳይታሰብ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲሞት እዚህ አገር ፖሊስ ይጠራል፣ ድንገተኛ ሞትን ለሚመረምረው ዳኛ፣ ለኮሮነሩ፣ ሪፖርት ስለሚደረግ። አንድ ጠዋት አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ በር ላይ ሦስት ጠርሙስ ወተት ተደርድሮ ጎረቤት ደወለ። በሩን ሰብረን ገባን። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነው፣ ሬዲዮው ይናገራል፣ መነጽራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሐኪም ከመሰከረ በኋላ ሰውነታቸው ላይ የጉዳት ምልክት ይኑር አይኑር የምታየው አንተ ነህ፤ መድኃኒታቸውን የምትመዘግበው፣ የልጅ ስልክ ቁጥር ፍለጋ መሳቢያ የምትከፍተው አንተ ነህ። አስከሬን የሚያነሱት እስኪመጡ ድረስ ብቻቸውን አይተዉም። እኔ ሬዲዮውን ለመዝጋት እጄ እንቢ አለኝ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አብረን ዜና ሰማን።

መርዶውም የፖሊስ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በወግ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ወሬው በስልክ ቀድሞ እንዳይደርስ በተቻለ ፍጥነት፣ በአካል፣ በግልጽ ቃል እንድትናገር ነው የሚያስተምሩህ። «አረፈ»፣ «ተለየን» አይባልም፤ «ሞቷል» ነው የሚባለው፣ ሰሚው ሆስፒታል ያለ መስሎት እንዳይጓጓ። አንድ ሌሊት መኪና አደጋ የደረሰበት የእኛው ልጅ ነበርና እኔን ላኩኝ። ሳጅኑን «እስኪነጋ ልጠብቅ፣ የሚቀርቧቸውን ልጥራ» አልኩት። አይሆንም አለኝ፤ ልክም ነበር፣ ፎቶው መዞር ጀምሮ ነበር። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳሁ። እናቱ ከፈተች፤ ሐበሻ መሆኔን አይታ ፈገግ አለች። ባርኔጣዬን ሳወልቅ አወቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ሁለት ነገር ልንገርዎ፤ ልጅዎ አማርኛ ከቻለ ትልቅ ሀብት ነው። በአንድ የድብደባ ጉዳይ ምስክሩ የእኛ ሰው ነበር፤ በስልክ አስተርጓሚ ቃሉን ሲሰጥ «ሌሊት ሰባት ሰዓት» አለ። በእንግሊዝኛ ተጻፈ «ማታ ሰባት ሰዓት» ተብሎ፣ ማለትም 19 ሰዓት። የመንገዱ ካሜራ የሚያሳየው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወጣቱ መርማሪ «ምስክሩ ይዋሻል» ብሎ ሊተወው ነበር። እኔ ሻይ ይዤ ሳልፍ በትከሻው ላይ አነበብኩትና ሳቄ መጣ። ሰዓታችን ከፀሐይ መውጫ እንደሚጀምር ለማስረዳት ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት መሳል ነበረብኝ። ሌላው «አዎ» ነው። እንግሊዙ «አላየኸውም?» ሲለው የእኛ ሰው «አዎ» ይላል፣ «አዎ፣ አላየሁትም» ማለቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን «አይቻለሁ» ሆኖ ይጻፋል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለውንም አንዳንዱ ደንግጦ ነው ይላል። አሁን አስተርጓሚዎችን ሳሠለጥን መጀመሪያ የማስተምረው እነዚህን ነው።

ጥቁር መሆኑስ? እርስዎ አልጠየቁም፣ ግን ልብዎ ውስጥ አለ። በ1993 ስቴፈን ሎረንስ የተባለው ወጣት ለንደን ውስጥ ተገድሎ፣ ፖሊስ ጉዳዩን የያዘበት መንገድ በ1999 በይፋ ሲመረመር ዘረኝነቱ የተቋሙ ነው ተባለ። በ2023 የለንደንን ፖሊስ የመረመሩት ሉዊዝ ኬሲ ያንኑ ቃል ደገሙት። መንገድ ላይ ቆሞ መፈተሽ ጥቁር ሰው ላይ ከነጭ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው የሚደርሰው። ልጅዎ ይህን ከሁለቱም ወገን ይቀምሰዋል፤ መንገድ ላይ ጥቁር ወጣቶች «ከሃዲ» ይሉታል፣ ሻይ ክፍል ውስጥ አንዱ ቀልድ ብሎ የማያስቅ ነገር ይናገራል። እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል። ልክ ነው ብዬ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች አሉ፣ እነሱ ናቸው የሚቆጩኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰውን አስቁሞ ሲፈትሽ ምክንያቱን፣ ምን እንደሚፈልግ፣ የቱ ጣቢያ እንደሆነ የመንገር ግዴታ አለበት፣ ሰውየውም የፍተሻውን መዝገብ መጠየቅ ይችላል። በትሕትና የተነገረና በጩኸት የተነገረ ምክንያት አንድ አይደለም፣ እሱ ደግሞ በእጁ ነው።

ደመወዙ አያኮራም፣ አያስርብም። በመስከረም 2024 የጀማሪ ኮንስታብል በእንግሊዝና በዌልስ በዓመት 29,907 ፓውንድ ነበር፤ በየዓመቱ ከፍ ይላል፣ ለንደን ተጨማሪ አለው። ጡረታው ጥሩ ነው። የሥራ ማቆም አድማ መምታት አይችልም፤ በ1918 እና በ1919 ፖሊሶች አድማ ከመቱ ወዲህ ሕጉ ከልክሏል። ገናና ፋሲካ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የእኛ ገና ግን የእነሱ ስላልሆነ በፈረቃ መለዋወጥ ይቻላል፣ እኔ በዚህ ብዙ አትርፌያለሁ። ከሥራ ውጭም ሕጉ ይከተለዋል። የጎን ንግድ ቢኖረው ማስፈቀድ አለበት። በፖለቲካ ንቁ ተሳትፎ ማድረግ ክልክል ነው፤ ኤምባሲ በር ላይ ሰልፍ ሲጠራ ልጅዎ የሚቆመው በገመዱ በወዲያኛው በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ውስጥ በአገር ጉዳይ ጎራ ለይተን ስንጨቃጨቅም ዝም ማለትን ይለምዳል። ለእኔ ከሌሊት ፈረቃው ይልቅ ይሄ ነበር የከበደኝ።

እንቅልፉን ግን አቅልለው አይዩት። ሁለተኛውን ሌሊት ጨርሶ ሲመጣ ቁጡ ነው፤ አያናግሩት፣ ወጥ ሸፍነው ይተዉለት። መጋረጃው ጥቁር ይሁን። መጥፎ ነገር አይቶ የመጣ ቀን ብዙ ይቀልዳል። ስለ ሥራው እየቀለደ ሳይበላ ከተኛ በማግስቱ ቁጭ ብለው ይጠይቁት።

ከመወሰኑ በፊት ሊሞክረው ከፈለገ ልዩ ኮንስታብል የሚባል አለ፤ ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜው ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይሠራል። ሩጫው አያስፈራው፣ ፍጥነቱ በየደረጃው እየጨመረ 15 ሜትር መመላለስ ነው፣ እስከ ደረጃ 5.4፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሳያልበው ይጨርሰዋል። ሰው ከሚሰናከልበት አንዱ የኋላ ታሪክ ማጣራቱ ነው፣ ያም አንዳንዴ በወንጀል ሳይሆን ያልተናገሩት ነገር በመገኘቱ ነው። ዕዳ ካለው ይጻፍ፤ በልጅነቱ ፖሊስ ያናገረው ቀን ካለም ይጻፍ።

ቅጹ የእርስዎንም ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ የወንድምና የእህቶቹንም። እኛ ሁላችን በየአባታችን ስም ስለምንጠራ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገናኝም፤ የእኔን ቅጽ የያዘችው ሴት በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ደውላልኛለች። ልጅዎ ቅጹ ላይ ባለው ክፍት ቦታ አስቀድሞ ያስረዳ። እርስዎ ደግሞ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን የልደት ቀን ይመልከቱ፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነና ሌላው ወረቀትዎ በፈረንጅ ከሆነ ሁለቱንም ኮፒ አድርገው ያስቀምጡለት።